ቱላ ሣር ላይ የተኛችው ቀይ ሞተር

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ልጄ ሰላም ስልኳን ከምሳ ሳህኔ አጠገብ አስቀመጠችና፣ “አባዬ፣ ከእነዚህ ከሦስቱ ሞተሮች የትኛው ይሻላል? እስከ ሰኞ መግዛት አለብኝ” አለችኝ። እኔ የሐይቃችንን ዓሣ ከእሾሁ እያላቀቅሁ ስለነበር መጀመሪያ ልብ ያልኩት ሞተሮቹን ሳይሆን “እስከ ሰኞ” የምትለዋን ነገር ነው። ሞተር የሚገዛ ሰው ክረምቱ ይውጣ ይላል፣ እስቲ ላስብበት ይላል፣ እግዜር ሲፈቅድ ይላል። “እስከ ሰኞ” ያለ ሰው በሕይወቴ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም እኔ ነበርኩ።

ሦስቱም በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ናቸው። ጭስ የላቸውም፣ ድምፅ የላቸውም፣ እንደ ስልክ ግድግዳ ላይ ይሰካሉ። ሰላም ለአቮካዶ ገበሬዎች ምክር የሚሰጥ ድርጅት በቅርቡ ስለቀጠራት ገጠር ለገጠር መዞሯ ነው። የሞተሮቹን ፍጥነት፣ አንዴ ቻርጅ ሲደረጉ የት ድረስ እንደሚሄዱ፣ የኋላ መብራታቸውን ቅርጽ ሳይቀር በቃሏ ይዛዋለች። “አንተስ የመጀመሪያዋን እንዴት መረጥካት?” ስትለኝ ግን ዓሣው ጉሮሮዬ ላይ ሊቆም ምንም አልቀረው።

ይህን ታሪክ ቤቴ ውስጥ ቢያንስ ሺህ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ አንድ ጊዜም በትክክል አልተናገርኩትም። በእኔ አተራረክ፣ አንዲት ረጅም ቀይ ሞተር በአንድ እጄ ከመሬት አንስቼ፣ ተፈናጥጬ፣ ከቱላ ሀዋሳ መሀል በአራት ደቂቃ ገብቻለሁ። ከዓመት ዓመት ደቂቃው እየቀነሰ መጥቶ ዘንድሮ ሳልነሳ ልደርስ ነበር። እውነተኛው ታሪክ ግን የሚከተለው ነው።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ዳገት እንጂ ሞተር አላውቅም። የእንስሳት ጤና ረዳትነት ተምሬ ሥራ ፍለጋ ወደ ሀዋሳ መጣሁና ከከተማው ዳር፣ ቱላ፣ አቶ ዳንጊሶ የሚባሉ ገበሬ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ያኔ ቱላ ከተማም ገጠርም ነበረች፤ በፊት ለፊት ሱቅ፣ በጓሮ እንሰት። ወራት ከተንከራተትኩ በኋላ በየቀበሌው እየዞረ ከብት የሚከትብ ሰው የሚፈልግ መሥሪያ ቤት አገኘሁ። የጠየቁኝ ኃላፊዋ ወይዘሮ አስቴር ነበሩ፤ ቃል የሚያባክኑ ሴት አይደሉም።

“ሞተር ትነዳለህ?”

“በደንብ።”

“የራስህ አለህ?”

“አለኝ።”

“ጥሩ። ሰኞ ከሞተርህ ጋር ና።”

እስከዚያ ቀን ድረስ የተቀመጥኩባት ብቸኛ ተሽከርካሪ ደሴ ያለችው የአጎቴ በቅሎ ነበረች። እሷም ብትሆን የምትሄድበትን የምትመርጠው ራሷ ነበረች። ጊዜው ረቡዕ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሥራ እንድጀምርበት የላከልኝ ገንዘብ አንዲት አሮጌ ሞተር ብቻ ይገዛል። ተሳስቼ ብመርጥ ሞተሩም ሥራውም ወንድሜም አንድ ላይ ነው የሚሄዱት።

በማግስቱ አሮጌ ገበያ አካባቢ ወዳለ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ጋሼ ማቲዎስ ይባላል፤ በሥራ ቀን ሞተር ይፈታል፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መዘምራን ይመራል። ሁለቱን ሥራ የሚሠራው በአንድ ጆሮ ነው። ሞተር ሲመጣለት ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና፣ “ይቺ ከሁለተኛ ማርሽ በኋላ ከዜማው ትወጣለች” ይላል። ይህ በጣም ስላስገረመኝ ሁለት ቀን ሙሉ ከአጠገቡ አልተነሳሁም። ካንዴላ ምንድን ነው? ዘይቱ ለምን ጠቆረ? ሞተር ሲሸጥ ለምን ሁሉም “ሐኪም ነው ሲነዳት የነበረው” ይባላል? ሐኪሞቹ ሁሉ ሞተራቸውን ሸጠው በምን ይሄዳሉ?

በመጨረሻ የሚፈታውን ብሎን አስቀመጠና፣ “ለመሆኑ አንተ ሞተር ነድተህ ታውቃለህ?” አለኝ።

“ትንሽ ትንሽ።”

“እስቲ ፍሪሲዮኑ የቱ ጋ ነው?”

በልበ ሙሉነት የመብራት ማብሪያውን አሳየሁት። ጋሼ ማቲዎስ ብሎኑን መልሶ አነሳና አንድ መዝሙር ከነአዝማቹ አንጎራጎረ።

ጋራዡ ውስጥ ለሽያጭ የቆሙ ሁለት ሞተሮች ነበሩ። አንደኛዋ ታሪኩ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ሞተር ናት፤ ቀይ፣ ረጅም፣ ደረቷን የነፋች። መቀመጫዋ ላይ ሆኖ ከሐይቁ ማዶ ያለ ሰው ሻይ ሲጠጣ ስኳሩን መቁጠር ይቻላል። ስቀመጥባት የእግሬ ጣቶች መሬቱን በሩቁ ሰላም ይሉታል እንጂ አይጨብጡትም። ሁለተኛዋ ሰማያዊ፣ አጭር፣ መቀመጫዋ የተጣፈ፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ በሽቦ የታሰረች ናት። በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ሲዞሩ የኖሩ አንድ ወንጌላዊ ጡረታ ሲወጡ የተዉአት ነበረች።

“ይቺ መንገዱን ታውቃለች” አለ ጋሼ ማቲዎስ ሰማያዊዋን መታ መታ አድርጎ። “አንተ ብትሳሳት እሷ አትሳሳትም።”

“ቀለሟ ግን...”

“ስትነዳ ቀለሟን አታየውም።”

እውነቱን ነው፤ ግን የመጀመሪያ ሞተሩን የሚመርጥ ሰው ከላይ ሆኖ መንገዱን አያይም፤ መንገድ ዳር ሆኖ ራሱን ነው የሚያየው። እኔም ራሴን እያየሁት ነበር፦ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ በዓል ዕለት፣ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ሰው ግጥም ብሎ፣ እኔ በቀይ ሞተር ቀስ ብዬ ሳልፍ ሕዝቡ መንገድ ሲለቅልኝ። አብዛኛው ሰው መንገድ የሚለቀው ነጂው እንደማይችል ስለሚያውቅ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው።

ጋሼ ማቲዎስ፣ “አስፋልት ላይ ባጃጅ መሀል አትሞክራቸውም፤ ሣር ፈልግ” ስላለኝ ቅዳሜ ጠዋት እሱ ሰማያዊዋን፣ ታሪኩ ቀይዋን ነድተው ወደ አቶ ዳንጊሶ ግቢ አመጡልኝ። የበልግ ዝናብ ማታውን ጥሎ አድሮ ነበር። ቀዩ አፈር እንደ ሊጥ ሆኗል፤ እንሰቱ ቅጠሉ ላይ የያዘውን ውሃ ነፋስ በመጣ ቁጥር አንገታችን ላይ ያፈስብናል። ቀይዋን ልወጣባት እግሬን ሳነሳ አቶ ዳንጊሶ በሩ ላይ ቆመው ጠሩኝ።

“አፊኒ ሳይባል ነው እንዴ የምትመርጠው?”

አፊኒ በሲዳምኛ “ሰምታችኋል?” እንደማለት ነው። ከባድ ጉዳይ ሲመጣ ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ እርስ በርስ ሰምታችኋል ወይ ይባባላሉ፣ የሁሉም ቃል ሳይሰማ ማንም አይወስንም። ለመሬትና ለጠብ እንደሚደረግ አውቃለሁ። ለሞተር ግን ሰምቼ አላውቅም።

“አባባ፣ ሞተር እኮ ነው” አልኳቸው።

“ሚስት ስታገባ ሰው ታማክራለህ” አሉ። “ይቺ ደግሞ ከሚስት ቀድማ ልትገድልህ ትችላለች።”

እንዲህ ሆኖ አቮካዶው ሥር ስድስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዝናቡ ቢቆምም አረንጓዴ ጃንጥላቸውን ያልዘጉ አንድ ዝምተኛ አዛውንትም በመንገድ ሲያልፉ ተጠርተው ገቡ። አቶ ዳንጊሶ ሲከፍቱ፣ “እዚህ የሚነገረው ሀላሌ ነው፤ እውነት ብቻ” አሉና ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ አቮካዶው አየሁ።

ታሪኩ የቀይዋን ጉብዝና ዘረዘረ፤ ዳገት አታውቅም፣ ጭቃ አትፈራም፣ ደግሞም ሐኪም ነበር ሲነዳት የነበረው። ጋሼ ማቲዎስ ስለሰማያዊዋ ድምፅ ተናገረ። አንዱ ሽማግሌ በቀን ምን ያህል እንደምትጠጣ ጠየቁ፤ ሌላው ውሻ ሲያባርራት ትደነግጥ እንደሆነ። ለእያንዳንዱ መልስ “ሰምታችኋል?” ይባላል፣ “ሰምተናል” ይባላል። ፀሐይዋ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው አለፈች። በዚህ አካሄድ ሰኞ ሳይሆን የሚመጣው ፋሲካ ይደርሳል ብዬ ሳስብ፣ በጓሮ ቆጮ ሲያዘጋጁ የነበሩት የአቶ ዳንጊሶ ባለቤት እማማ ዳንቡሼ እጃቸውን እየጠረጉ መጡና ከክቡ ውጭ ቆሙ።

“እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ” አሉ። “ስትወድቅ ብቻህን ታነሳታለህ?”

ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ሁሉ ስጠይቅ ይቺን አልጠየቅኩም ነበር።

“ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ገበያ ስሸከም ኖሬያለሁ” ቀጠሉ። “ሸክም የሚመረጠው ከመሬት ሲያነሱት ነው። ሰው ጀርባህ ላይ ሲጭንልህ ሁሉም ቀላል ነው።”

ሽማግሌዎቹ ሰማን አሉ። ጋሼ ማቲዎስ ቀይዋን ቀስ አድርጎ ሣሩ ላይ አስተኛት። ታሪኩ ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ “ሞተሬን መሬት ላይ?”

“መንገድ ላይ ስትወድቅ ፍራሽ ይነጠፍላታል?” አሉት እማማ ዳንቡሼ።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ መሪዋን ያዝኩ፣ ሳብኩ። እስከ ጉልበቴ መጣችልኝ። እዚያ ላይ ተያየን። እኔ ሳልጠግባት እርጥቡ ሣር እግሬን ወሰደውና ተያይዘን ወረድን፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች፣ ግራ እግሬና ግራ እጄ ሥሯ። አፊኒው ረጅም ስለነበር ማርሚታዋ ቀዝቅዟል፤ ለዚህ ሽማግሌዎቹን ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ጋሼ ማቲዎስ ሊያነሳልኝ ሲመጣ ግን ባለጃንጥላው አዛውንት ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ።

“ቆይ አንዴ። ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ?”

ቆሜ ብሆን ሰባት ምክንያት እሰጣቸው ነበር። ሞተር ሥር ተኝቶ መዋሸት ግን እንዴት እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወይዘሮ አስቴርን፣ “በደንብ” ያልኩትን፣ “አለኝ” ያልኩትን፣ ሰኞን። ስጨርስ ማንም አልሳቀም። አቶ ዳንጊሶ ዞር ዞር ብለው፣ “ሰምታችኋል?” አሉ።

“ሰምተናል።”

ከዚያ በኋላ ነው ያነሱልኝ።

ፍርዱ አልዘገየም። ሰማያዊዋ ሣሩ ላይ ተኛች፤ በአንድ ጊዜ አነሳኋት፤ እሷ ትመረጥ ተባለ። ሰኞስ? “ነድተህ አትሄድም” አሉ አቶ ዳንጊሶ። “እየገፋሃት ትሄድና የተናገርከውን ውሸት አንተው ትመልሳለህ።” ከዚያ ቅቤ የጠገበ የቆጮ ቡርሳሜ በእንሰት ቅጠል ቀረበ። ሞተሩን ያልሸጠው ታሪኩ ከሁላችን የበለጠ በላ።

ሰኞ ጠዋት ከቱላ እስከ መሀል ከተማ ገፋሁ። ሰማያዊዋ አጭር ብትሆንም ስትገፋ ዝሆን ናት። አንድ ባጃጅ ነጂ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ “ቤንዚን አለቀብህ? ላምጣልህ?” አለኝ።

“ሞልቷል።”

ሞተሯን አየ፣ እኔን አየ። “ታዲያ?”

“መንዳት አልችልም” አልኩት። ቆሜ ቃሏን ሳወጣት ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንደፈራኋት አልሆነችም።

ወይዘሮ አስቴር በመስኮት እየገፋሁ ስገባ አይተውኝ ኖሮ በሩ ላይ ጠበቁኝ። “ባለፈው የነገርኩዎት ነገር...” ብዬ ስጀምር፣ “ሰምቻለሁ” አሉኝ። “የባለቤቴ አባት ቅዳሜ ከቱላ ሲመለሱ እየሳቁ ነገሩኝ።” ከኋላቸው በሩ ላይ አረንጓዴ ጃንጥላ ተንጠልጥሏል። “ባትመጣ ኖሮ ሌላ ሰው ልጠራ ነበር” አሉ። “ነድተህ ብትመጣ ደግሞ ፖሊስ።” ከዚያ መንጃ ፈቃድ እስካወጣ የክትባቱን ሣጥን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ በእግሬ እንድዞር አዘዙኝ። ያን በልግ ያልረገጥኩት ጭቃ ሲዳማ ውስጥ የለም። ከሰዓት በኋላ እዚያው ሣር ላይ ጋሼ ማቲዎስ ፍሪሲዮኑ የቱ ጋ እንደሆነ ያስተምረኛል።

እንግዲህ ቅዳሜ ሰላምን ይዤ ወደ ሞተር መሸጫው ሄድኩ። የወደደቻት ነጯ፣ ረጅሟ ነበረች። ሻጩን፣ “እስቲ መሬት ላይ አስተኛት” ስለው እናቱን አስተኛት ያልኩት ያህል አየኝ። ካርቶን አነጠፍንላት። ሰላም ሦስት ጊዜ ታግላ አቃታት። ከዚያ ዝቅ ያለችውን ግራጫዋን አስተኛን፤ ጀርባዋን ሰጥታ፣ በጉልበቷ ተነስታ ቀጥ አደረገቻት። ላቧን ስትጠርግ ጠየቅኳት።

“እነዚያን የአቮካዶ ሰዎች ምን ብለሻቸው ነው?”

“ምን አልኳቸው?”

“ሰኞ ከሞተርሽ ጋር ነይ እንዲሉሽ።”

ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። “ከማን ሰማህ?”

ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀመጥን፤ ያን የቱላ ታሪኬን ለመጀመሪያ ጊዜ ከነጭቃው ነገርኳት። አንዴ ብቻ አቋረጠችኝ።

“በአንድ እጄ አነሳኋት ስትል የኖርከውስ?”

“አንዱ እጄ ሥሯ ነበረ።”

ሰኞ ጠዋት ሰላም ግራጫዋን እየገፋች ወጣች፤ እኔ ሄልሜቷን ይዤ ከኋላ ከኋላ። ሰው ሞተር ሲመርጥ ጉልበቱን የሚለካ ይመስለዋል። እኔ እስካሁን የማውቀው ግን የወደቀ ነገር በሰው ፊት ማንሳት ምን እንደሚመስል ብቻ ነው። አደባባዩ ጋ ስንደርስ አንድ ባጃጅ ነጂ አንገቱን አውጥቶ፣ “ቻርጅ አለቀባችሁ?” አለ።

“ሙሉ ነው” አለችው ሰላም፣ መግፋቷን ሳታቆም። “እኔ ነኝ ገና መንዳት ያልቻልኩት።”

ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ፣ በዚህ ታሪክ ላይ የምጨምረው ነገር ያጣሁት ያን ቀን ነው።