የደሴቱ ትምህርት

ባለፈው እሑድ ልጄን ገላዋን ሳጥባት፣ ተረከዜን የምፈገፍግበት ድንጋይ ከእጄ አምልጦ ባልዲው ውስጥ ወደቀና እንደ ቡሽ ተንሳፈፈ። ልጄ በሳቅ ስትንከተከት እኔ ግን ያ ዓመት፣ ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የነበረው ቤታችንና የእማዬ ትምህርት ተያይዘው መጡብኝ።

እማዬ አስተማሪ ነበረች። አባታችን ታናሼ ሚኪ ሳይወለድ ስለሞተ ቤቱ የሦስታችን ብቻ ነበር። እኔ አሥራ አንድ፣ ሚኪ ሰባት ዓመት ሲሆነን፣ እሷ በድንገት ሥራዋን ተወች፣ እኛንም ከትምህርት ቤት አስቀረችንና ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ይዛ ፊታችን ተቀመጠች። ደሴት ላይ ብቻቸውን ስለቀሩ ልጆች የሚተርክ የቆየ መጽሐፍ ነው፤ ጠዋት አንድ ምዕራፍ ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብልናለች፣ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ የሠሩትን እኛ ጓሯችን ውስጥ እንሠራለን። ሚኪ ገና በመጀመሪያው ቀን የልጆቹ እናትና አባት የት እንዳሉ ጠየቃት። እማዬ ገጹን እየገለጠች፣ “መጽሐፉ ሲጀምር የሉም” አለችው።

መናኸሪያ ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ በአጥሩ በኩል ብቅ እያሉ፣ “ሰው ልጁን ለማስተማር ይጋፋል፣ አንቺ ታስቀሪያለሽ?” ብለው ይቆጧት ነበር። አንድ ቀን እማዬ እሳቸው ቤት ገብታ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወዲህ ቁጣው ቀረና ባዩን ቁጥር ብስኩት ይሰጡን ጀመር፤ ብስኩቱን ብንወደውም እንባ ያቀረረው ዓይናቸው ያስፈራን ነበር።

ያም ሆኖ ከእኛ በላይ ደስተኛ ልጅ አልነበረም። በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወርደን የሚንሳፈፍ ድንጋይ ለቀምን፤ የደፈረሰ ውሃ በአሸዋና በከሰል አጠለልን፤ ሚኪ ቅንድቡን ለብልቦ እሳት ማቀጣጠል ቻለ፤ እኔ የሠራሁትን ሽሮ ደግሞ እማዬ ቀምሳ፣ ዓሣ ገበያ የሚዞረው፣ ያገኘውን ሁሉ የሚውጠው ትልቅ ወፍ አባ ኮዳ እንኳ አይበላውም ብላ እስክታስል ሳቀች። ሳሉ ቶሎ አልተዋትም።

መጀመሪያ ላይ በርጩማዋን አጠገባችን አድርጋ እጃችንን ይዛ ታሳየን ነበር። ቀጥሎ በርጩማው በረንዳ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ከበሩ ወዲያ ገባ፣ በኋላማ አልጋዋ ላይ ሆና በመስኮት ታየን ጀመር። ቀሚሷ በየሳምንቱ ይበልጥ እየሰፋት ሄደ። ስንሳሳት ተነሥታ መምጣቷንም ተወች፤ እኔ ጎብዘን ነው ብዬ ኮራሁ።

በመጨረሻው ምዕራፍ ደሴቱ ላይ መርከብ ይደርሳል፤ ልጆቹ የማያውቋቸው ብዙ ሰዎች ይወርዳሉ፣ ልጆቹም እንደ ትልቅ ሰው ይቀበሏቸዋል። ይህንን እማዬ ከሁሉም አብልጣ አለማመደችን፦ አግዳሚ ወንበሩን ከግድግዳው አስጠግቶ ማኖር፣ ትልቁን ማንቆርቆሪያ መጣድ፣ ውሃ ከሽማግሌ ጀምሮ መስጠት፣ ሚኪ ከእኔ እንዳይለይ። ከዚያ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሄደች፤ እትዬ ዘሀራ እኛ ቤት ማደር ጀመሩ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የዕድር ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ግቢውን ሞሉት። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው መርዶ ይዞ እንደሚመጣ ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኛ የምናውቀው ደሴቱን ነበር። ሚኪ “እንግዶቹ መጡ!” እያለ አግዳሚውን መጎተት ጀመረ፣ እኔ ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ውሃ ሳቀርብላቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ሚኪ ሁሉም መቀመጣቸውን አይቶ የእትዬ ዘሀራን ቀሚስ ጎተተ።

“እማዬ ስትመጣ ምንም እንዳልተሳሳትን ይንገሯት።”

እትዬ ዘሀራ ጮኸው መሬት ላይ ወደቁ።

እማዬ ያስተማረችን ሁሉ አብሮን አድጓል። እኔ በነፋስ መሐል እሳት አነዳለሁ፣ ቤት ሙሉ እንግዳ ቢመጣብኝ አልደነግጥም፤ ሚኪም እንደዚያው ነው። እሑድ ዕለት ልጄ ድንጋዩ ለምን እንደማይሰምጥ ስትጠይቀኝ፣ በሆዱ ብዙ አየር ስለያዘ ነው ብዬ እማዬ እንደነገረችን ነገርኳት። እየነገርኳት ሳለ የእማዬን ድምፅ በጆሮዬ ፈለግሁት፤ ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ ቶሎ ቶሎ ትናገር ይሁን ዝግ ብላ፣ ጠፋኝ። ልጄን አድርቄ አልብሼ ሚኪ ጋ ደወልኩ።

እሱም አያስታውሰውም።