ለእናቴ የተረጎምኩት ድራማ

ቤታችን ውስጥ ማንም ያላወጣው አንድ ሕግ ነበር። አደይ አንኳኩተው ሲገቡ ቴሌቪዥኑ ዜና ላይ ከሆነ እናቴ ሶፋው ላይ በእጇ ዳብሳ ሪሞቱን ታገኝና ጣቢያ ትቀይራለች። አደይ የምላቸው ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩትን ኤርትራዊት ጎረቤታችንን ነው፤ በትግርኛ እናቴ እንደማለት ነው። አማርኛ የተማሩት አሥመራ ተማሪ ሳሉ ነው፤ ናይሮቢ ከገቡ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸውና እናቴ አብረው ሻይ ጠጥተዋል፣ አብረው ሽንኩርት ልጠዋል፣ አብረው ጉልበታቸውን ረግመዋል። ስለ ሁለቱ አገሮች ግን አንድም ቀን ሲነጋገሩ አልሰማሁም። ዜና ከታየ ወሬው ይመጣል። ስለዚህ ዜና አይታይም፤ ድራማ ይታያል።

በድራማው ግን አንዷ ሌላዋን አትምርም ነበር።

«አማትየዋ ልክ ናት» ትላለች እናቴ።

«ልክ? እባብ ናት እንጂ። አንቺም አማት ብትሆኚ እንደሷ ነበር የምትሆኚው።»

«ማን አማት ሊያደርገኝ? ልጄ እንደሆነ ግጥም አግብታለች።»

«ግጥም ይሻላል። ሰክሮ አይገባም።»

ይስቃሉ። እኔ ክፍሌ ሆኜ እሰማለሁ፤ አልስቅም።

በዚያ ጊዜ የሰው ሁሉ ጣዕም ያናድደኝ ነበር። ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሰፈራችን እንደኛ ባለ ሕንፃ ደረጃውን በእግሩ የወጣ ሰው የየቤቱን ኑሮ በበር ሥር ከሚወጣው ድምፅ ማወቅ ይችላል። አንደኛ ፎቅ የእንግሊዝ ኳስ፣ ሦስተኛ ፎቅ ቀኑን ሙሉ የልጆች ካርቱን፣ አምስተኛ ፎቅ የምግብ አሠራር፤ የቤቱ ባለቤት ግን ሁልጊዜ ምግብ በሞተር ያስመጣል። ሩንዳ ሰፈር ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል የማስተምራቸው ሁለት ልጆች ደግሞ ቴሌቪዥን የሽማግሌ ነገር ነው ብለውኛል። እኔ ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ ያገኘሁትን እያነበብኩ ነው የለመድኩት። ገና ምንም ያልሆነለት ሰው እንደሚያደርገው፣ ሌሎች የሚወዱትን በመናቅ ራሴን ከፍ አደርግ ነበር።

ቀድሞ የአገር ቤት ጣቢያዎችን የምናይበት ዲሽ ነበረን። በረንዳ ላይ የተሰቀለ ዲሽ የሕንፃውን መልክ ያበላሻል ተባለና አንድ ቀን የሕንፃው ተቆጣጣሪ ኬርቴከሩ ፉንዲ የሚሉትን ባለሙያ ይዞ መጥቶ ፈታው። ከዚያ በኋላ የቀሩን የኬንያ ጣቢያዎች ብቻ ናቸው። ከነሱ አንዱ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ስዋሂሊ የሚናገር የህንድ ድራማ ያሳያል። እናቴ ስዋሂሊዋ የገበያ ነው፤ ከቲማቲምና ከዋጋ አያልፍም። ቢሆንም ቋንቋውን ትወደዋለች። «ሰዓታቸው እንኳ እንደኛ ነው፤ ጠዋቱን ከአንድ ይጀምራሉ» ትላለች። አደይ አጠገቧ ተቀምጠው ይተረጉሙላታል፤ እሷም ምስሉን እያየች ትከተላለች።

ከዚያ ምስሉ መጥፋት ጀመረ። የዓይን ግፊት ነው አሉን። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጨለመባት፣ ቀጥሎ ሰው መሆኑን እንጂ ማን መሆኑን መለየት አቃታት። በዚያው ሰሞን የአደይ ልጅ ሞምባሳ ወለደችና ሊያርሷት ሄዱ፤ አራት ወር ቆዩ። አስተርጓሚነቱ ለእኔ ደረሰኝ።

መጀመሪያ የበደልኩት በስንፍና ነው። ረጅሙን ንግግር አሳጥራለሁ። ሁለት ሰዎች ለአሥር ደቂቃ ሲጨቃጨቁ «ተጣሉ» እላለሁ። እናቴም «ለዚህ ሁሉ አፍ አንድ ቃል?» ትለኛለች። በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ።

ቤተ ክርስቲያናችን አንዲት ሴት አለች። ባሏ ይመታታል፤ ሁለት ልጆቿን ይዛ ወጣች። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ለታመመ ሾርባ ትልካለች፣ ለለቅሶ ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለች። ያቺን ሴት ግን ሰላም ማለት ተወች።

«ትዳር ማታቱ ታክሲ ነው እንዴ፣ ሲቆረቁር ዱብ ብለሽ የምትወርጂው?» አለችኝ።

«እየመታት እኮ ነው።»

«እኛስ ማን ሳይመታን ኖርን?»

አባቴ እኔ ሕፃን ሳለሁ ነው የሞተው። ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ ቃል ስለቅም እየዋልኩ እናቴ ጋ የሚደርስ አንድ ቃል አልነበረኝም።

ድራማው ውስጥ አንዲት ምራት ነበረች። ባሏ በጥፊ መታት፤ ሻንጣዋን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። አባትየው በሩን በትንሹ ከፍቶ አያትና፣ ከባሏ ቤት የወጣች ልጅ የለኝም ብሎ ይዘጋባታል። ዝናብ ይዘንባል፤ በህንድ ድራማ እንዲህ ባለ ጊዜ ሁልጊዜ ይዘንባል። እናቴ ጆሮዋን አቅንታ ጠበቀችኝ።

«ምን አላት?»

«ቤትሽ ነው፣ ግቢ አላት» አልኩ።

እናቴ «መክሮ አይመልሳትም?» አለች።

«የተመታ ሰው በምክር አይመለስም ነው የሚለው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድራማውን የምጽፈው እኔ ሆንኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ጽሑፌን አንድም ሰው አንብቦልኝ አያውቅም፤ አሁን ግን በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የሚጠብቀኝ ሰው አገኘሁ። አባትየው ለልጁ ሥራ ፈለገላት። አማትየዋ ተጸጽታ ይቅርታ ጠየቀች። ስክሪኑ ላይ እያለቀሰች ወደ ባሏ የምትመለሰውን ምራት እኔ እያለቀሰች እንድትሰናበት አደረግኳት። እናቴ የምታየው ጥላና ቀለም ነው፤ እንባው ለሁለቱም ይሆናል። በሦስተኛው ወር «ይሄ አባት እግዚአብሔርን የሚያውቅ ሰው ነው» አለች። በዚያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያቺን ባሏን ትታ የወጣች ሴት በድምፅዋ ለየቻትና «ልጆችሽ ደህና ናቸው?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ጉልበቷን ስማ ተነሣች። ወደ ቤት ስንመለስ ከእኔ የበለጠ ግጥም የጻፈ ያለ አልመሰለኝም።

አደይ ከሞምባሳ ሃልዋ የሚባለውን ጣፋጭ ይዘው ተመለሱ። ድራማውን እዚያም ሳያቋርጡ አይተውታል። ሻይ ሳፈላ ሳሎን ውስጥ ወሬው ሲሟሟቅ ይሰማኛል።

«ያ አባት ግን» አለች እናቴ። «እንደሱ ያለ አባት ዛሬ የት ይገኛል።»

«የቱ አባት?»

«የልጅቱ ነዋ። በሩን የከፈተላት።»

«ማነው የከፈተላት? ዘግቶባት በዝናብ ስትደበደብ አላደረችም? ኋላም ወደ ባሏ ተመለሰች፤ አሁን እርጉዝ ናት። አንቺ ሴትዮ፣ ሌላ ድራማ ይዘሻል።»

«ቤትሽ ነው ግቢ ብሏታል። እዚሁ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።»

«እኔም ሞምባሳ ተቀምጬ አይቻለሁ። በሁለት ዓይኔ።»

አደይ ይህን ሲሉ የተለመደው ቀልዳቸው ነበር፤ ወዲያው ግን ደነገጡ። እናቴ ወደ ወጥ ቤቱ ዞረች። ትሪውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«ንገሪያት እስቲ።»

በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነገር ነበር። ይስቁብኝ ነበር፣ ይቆጡኝ ነበር፣ ከሳምንት በኋላም ለሰው ሁሉ የሚያወሩት ጨዋታ ይሆናቸው ነበር። እኔ ግን አፈርኩ። ስለ ውሸቱ አልነበረም ያፈርኩት፤ እናቴን በድብቅ ላስተምራት መነሣቴን አደይ እንዳያውቁብኝ ነው።

«ምናልባት ተቀላቅሎብሽ ይሆናል፣ እማዬ» አልኩ።

እናቴ ሃልዋውን ቆርሳ በእጇ ያዘችው እንጂ አልበላችም። አደይ ቀስ ብለው ወሬውን ወደ ሞምባሳ ሙቀት አዞሩት።

ከዚያ ወዲያ አደይ ከእናቴ ጋር መከራከር ተዉ። እናቴ አማትየዋ ልክ ናት ስትል «ልክ ነሽ» ይሏታል። ሆን ብላ ተገላቢጦሹን ስትናገርም «ልክ ነሽ» ይሏታል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቃሉን እየነጠሉ ነው የሚያናግሯት። ሻዩን ራሳቸው መቅዳት ጀመሩ። እናቴ ይህን ሁሉ አየችው፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ዓይን አያስፈልግም።

የዓይን ሐኪሟ ጋ ስንሄድ አስቀድማ እኔን ሳታማክር «ስለ ጭንቅላቴ ጠይቂልኝ» አለችኝ። ሐኪሙ ወጣት ኬንያዊ ነው፤ አማርኛ አይችልም። ቀኑን፣ ወሩን፣ የምንኖርበትን ፎቅ ጠየቃት። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሰች እንድትቆጥር አደረጋት። ሎሚ፣ ቁልፍ፣ ዝናብ የሚሉ ሦስት ቃላት ሰጥቶ ቆይቶ መልሶ ጠየቃት። አንዱንም አልሳተችም። እኔ በመሀል ተቀምጬ ጥያቄውን ወደ አማርኛ፣ መልሱን ወደ እንግሊዝኛ አመላልሳለሁ። የእናትሽ ማስታወስ ከእኔ ይሻላል ብሎ ሳቀ፤ ይህንንም ተረጎምኩላት።

ታክሲ ውስጥ፣ ላቪንግተን ሰፈር ጋ መንገድ ተዘጋግቶ እንደቆምን፣ «ስሳሳት አቃንተሽ ነው የነገርሽው?» አለችኝ።

«አንድም አልተሳሳትሽም።»

«በምን አውቃለሁ? እንግሊዝኛው ያለው አንቺ አፍ ውስጥ ነው።»

ያኔ ነገርኳት። አደይ ልክ እንደሆኑ፣ አባትየው በሩን እንደዘጋ፣ የከፈትኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሥራውንም ይቅርታውንም እኔ እንደጨመርኩት ተናገርኩ። ለምን እንዳደረግኩትም ነገርኳት። ስጨርስ ጉልበቴን ፈልጋ እጇን አሳረፈችበት።

«ጥሩ ልጅ ነሽ» አለች። «ግን ለእኔ ብለሽ ራስሽን ውሸታም አታድርጊ።»

«እውነቴን ነው፣ እማዬ።»

«እውነት ቢሆን ያን ቀን እሷ ፊት ትናገሪው ነበር። ተቀላቅሎብሽ ይሆናል ነው ያልሽኝ። እናቷን በሰው ፊት እንዲህ የምታደርግ ልጅ አላሳደግኩም።»

ለአደይም ነገርኳቸው፤ እሳቸው አመኑኝ። ደረጃው ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ። «እኔ እኮ እንደ ሕፃን ነው ያደረግኳት» አሉ። «አንቺ ደግሞ ቆመሽ ታያለሽ።» የዚያኑ ዕለት አብረን ገብተን አስረዳናት። እናቴ ለሁለታችንም ፈገግ አለች። «ተማክራችሁ መጣችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

ያን ክፍል ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። ጆሮዋ አጠገብ አድርጌ አሰማኋት፤ ዝናቡ፣ የሰውዬው ድምፅ፣ የበሩ መዘጋት።

«በሩ ሲዘጋ ሰማሽ?»

«በር ሰምቻለሁ። ከገባችም በኋላ ይዘጋል። ሰውዬው ምን አለ?»

ያለውን ነገርኳት፤ ቃል በቃል፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። በሕይወቴ እንዲህ ተጠንቅቄ ተርጉሜ አላውቅም። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እኔን ለማስደሰት ነበር።

እሑድ ያቺ ሴት ልጆቿን ይዛ ወደ እኛ መጣች። እናቴ ድምፅዋን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በኋላ ስጠይቃት «ያ ሰላምታ ያኔ ነው የመጣብኝ፣ ነገሩ የተቀላቀለብኝ ጊዜ» አለችኝ።

አሁን አሥር ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑ አይከፈትም። አደይ ይመጣሉ፤ ሊከራከሯት ይሞክራሉ፣ ሆን ብለው ይነካኳታል፤ እሷ «አንቺ ታውቂያለሽ» ብላ ትተወዋለች። እኔም ከጻፍኩ ሰንብቻለሁ፤ ብዕር ስይዝ ለማን እንደማቃና አላውቅም።

ትናንት ምስር ወጥ እየሠራች ጠራችኝ። ወጥ በዳበሳ መሥራት እስከ ዛሬ አልተወችም።

«ጨው አድርጌበታለሁ?»

«አዎ፣ እማዬ። አሁን ስታደርጊ አይቻለሁ።»

ጭልፋውን አንሥታ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። ከዚያ በእጇ የጨውን ዕቃ መፈለግ ጀመረች።