ባሕር ዛፉ ይታያል

በምራቅ የረጠበ እርሳስ ሲሸተኝ አሁንም ጥርሴን እነክሳለሁ። ዛሬ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው በጉም ተውጦ፣ የመንደርደሪያው መብራቶች አንድ በአንድ ሲጠፉ እየቆጠርኩ እርሳሴን ወደ አፌ ሳስጠጋ ያ የድሮ አለቃዬ በሐሳቤ መጣብኝ።

ንፋስ መውጫ፣ ከከተማው በላይ ባለች የአየር ጠባይ ጣቢያ ጠራጊ ነበርኩ። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ፣ ክፍሌ ስድስተኛ። ዓይን እስከ ምን ድረስ እንደሚያይ የሚለካባቸው ምልክቶች ዝርዝር ከነርቀታቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፦ ወፍጮ ቤቱ፣ የትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፍ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ ከዚያ ወዲያ ተረተሩ። ወጥቶ እስከ የትኛው ድረስ እንደሚታይ ማየት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። የጣቢያው ኃላፊ ግን ጋቢውን ተከናንቦ፣ እርሳሱን በምራቁ እያረጠበ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ‹ባሕር ዛፉ ይታያል› እያለ በሬዲዮ ይናገር ነበር። እኔ መጥረጊያዬን ደገፍ አድርጌ እወጣለሁ፤ ያየሁትን ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ሐኪሞች የያዘ ሄሊኮፕተር ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሊያርፍ ጠየቀ። ጉሙ ወፍጮ ቤቱን እንኳ ውጦታል።

‹ጋሼ፣ ኧረ ምንም አይታይም!›

‹ደግሞ ስድስተኛ ክፍል ጉም ልታስተምረኝ!› ብሎ ሳቀና ያችኑ ቃሉን ተናገረ።

ሄሊኮፕተሩ የባሕር ዛፉን ጫፍ ለጥቂት ስቶ ተመለሰ። ጉዳዩን የሚያጣሩ ሰዎች ሲመጡ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ‹ይቺ ገና ፊደል የምትቆጥር ጠራጊ ናት ያሳሳተችኝ› አለ። ደብተሬን ማንም አልገለጠውም። ተባረርኩ።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት ለእሱ ነው።

ዓመታት አልፈው ጣቢያዎቹን መርማሪ እኔ ሆንኩ። የእሱን ሆን ብዬ መጨረሻ አደረግሁት። ዘበኛውንና የትምህርት ቤቱን ሰዎች ምስክር ይሁኑ ብዬ ሰበሰብኩ። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር።

‹ይውጡና ምልክቶቹን ያንብቡልኝ› አልኩት።

‹ወፍጮ ቤቱ ይታያል፣ እመቤቴ። ባሕር ዛፉም ይታያል።›

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ባሕር ዛፉ ከተቆረጠ ሦስት ክረምት አልፎታል። እሱ ፊቱን ወደ ሳቁ አዞረ፤ ዓይኖቹን ጉም የመሰለ ነጭ ነገር ጋርዷቸዋል። ያኔም ከወንበሩ የማይነሳው ለምን እንደነበር ገባኝ።

‹ተመልካቹ አያይም› ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እጽፋለሁ።

ሰዉ ሲበተን መርዶ እንደሰማ ሰው ቀስ ብሎ፣ ‹መች ተቆረጠ?› አለኝ። ‹ማንም እኮ አልነገረኝም።›

ሳልመልስለት ሄድኩ። ጉም በወረደ ቁጥር ግን፣ ‹ከሦስት ክረምት በፊት› ብዬ በልቤ እመልስለታለሁ።