የለመደ እጅ

ባለቤቴ ቀኝ እጇ ላይ የቀራት ሁለት ጣት ነው። ሦስቱን ወረታ ያለው የሩዝ መፈልፈያችን በላው ይላል ሰው። ማሽን ምን ያውቃል! ያስቆረጥኋት እኔ ነኝ።

ዕድሜዬን የጨረስሁት የጦር አውሮፕላን ስጠግን ነው። በጡረታ ወደ አገሬ ስመለስ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ባለ አውሮፕላኑ መጣ» እያለ ሲቀልድብኝ፣ መፈልፈያ ቤት ከፈትሁ። አሮጌው ማሽን ከሞተሩ የሚመጣውን ቺንጋ፣ ማለት የጎማ ቀበቶውን፣ የሚያጠብቅና የሚያላላ እጀታ ነበረው። ወደ ታች ሲጫኑት ቺንጋው ይላላል፣ ማሽኑ ይቆማል። አሥራ ሁለት ዓመት በእሱ ሠራን። አምና ሲያረጅብን አዲስ ገዛሁ። የአዲሱ እጀታ ግን ግልባጩ ነው፤ ለማቆም ወደ ላይ ይነሳል፣ ወደ ታች ከተጫኑት ጭራሽ ያጠብቃል። እኔው ራሴ ግድግዳው ላይ በጠመኔ «ለማቆም ወደ ላይ» ብዬ ጻፍሁ። ባለቤቴንም ደጋግሜ አስጠናኋት፤ አዋቂው እኔ ነኛ!

በታኅሣሥ፣ ሩዝ ከሜዳው በጋሪ በጋሪ በሚጎርፍበት ሰሞን፣ ባለቤቴ ከማሽኑ ሥር ገለባ ስትጠርግ ቺንጋው እጅጌዋን ያዘው። ጮኸች። እኔ እጀታው አጠገብ ቆሜያለሁ። ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ታች ተጫንሁት። ጽሑፉ ፊት ለፊቴ ነበር እኮ! ቺንጋው ጠበቀና እጇን ይዞ ገባ። ነገሩ ገብቶኝ ወደ ላይ ሳነሳው ያለቀ ነገር ሆኖ ነበር።

ሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የማስበው ስለ እሷ አልነበረም። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ስለሞተ አንድ አብራሪ ነበር።

ልጁ የፎገራ ልጅ ነው፤ እናቱ ሐሙሲት ዳር ይኖራሉ። በአንድ ዓይነት አውሮፕላን ዓመታት ከበረረ በኋላ ወደ ሌላ ዓይነት ተዛወረ። በፊተኛው የነዳጁ እጀታ ወደ ፊት ሲገፋ ይከፍታል፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ይዘጋል። በአዲሱ ተገላቢጦሽ ነው። አንድ ቀን መሬት ላይ ቆመን ስንፈትሽ ወደ ፊት ገፋው፤ ሞተሩ ድርግም አለ። ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። «ጋሼ፣ ይቺን እጀታ ቀይ ቀለም ይቀቡልኝ፤ ለአለቆቹም ይጻፉልኝ» አለኝ። እጅ ይለምዳል አልሁት። ቀለሙንም አልቀባሁ፣ ወረቀቱንም አልጻፍሁ። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ገና ከመሬት እንደተነሳ ሞተሩ ተንተፋተፈበት። ነዳጅ ልጨምር ብሎ መሆን አለበት፣ እጀታውን ገፋው። ከስብርባሪው መሀል ስናገኘው ወደ ፊት እንደተገፋ ነበር።

መርማሪዎቹ እጀታው ይሠራ እንደነበር ጠየቁኝ፤ ይሠራ ነበር አልሁ። አቅጣጫው መለወጡ ተነግሮት ነበር ወይ አሉኝ፤ ተነግሮት ፈርሟል አልሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ስለ ሳቃችንና ስለ ቀለሙ ግን የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥሁት። የሠለጠነ ሰው እንዴት እንዲህ ይስታል ሲሉም ራሴን ነቀነቅሁ። የአብራሪው ጥፋት ነው ተብሎ ተዘጋ።

ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ሐሙሲት ገባ። በዝንጉነቱ የመንግሥት አውሮፕላን አጥፍቶ ራሱን ገደለ ተባለ። ለቅሶው ላይ አልቃሿ ምን ብላ ታሞግሰው? እናቱም አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፃቸውን ሳያወጡ ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ ገበያ ባገኙኝ ቁጥር «አንተ እዚያ ነበርህ፤ ልጄ ምን አጠፋ?» ይሉኛል። እግዜር ያውቃል እላቸዋለሁ። ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው!

ባለቤቴ ከሐኪም ቤት በወጣች በሳምንቱ ሐሙሲት ሄድሁ። እናቱ ደጃፋቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ጓያ ይለቅማሉ። ስለ ባለቤቴ ጣቶች፣ ስለ ሁለቱ እጀታዎች፣ ስለ ቀለሙ፣ ሁሉንም ነገርኋቸው። እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«የቀኝ በሬ በግራ ተጠምዶ ትልም ቢያበላሽ፣ በሬው ይገረፋል?» አሉኝ።

በኛ አገር በሬ ከወይፈንነቱ በለመደው ጎን ነው የሚጠመድ፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

«አይገረፍም፣ እማማ።»

«ማን ይወቀሳል?»

«ጠማጁ።»

እሁድ እሳቸው ደብር ከቅዳሴ በኋላ ይህንኑ ለሕዝቡ እንድናገር አዘዙኝ። እሺ አልሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አልዞረብኝም፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። በዚህ ዕድሜዬም የምፈራው ሰውን ነበር።

እሁድ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ ተናገርሁ። ባለቤቴ እጇን እንደጠቀለለች አጠገቤ ነበረች። ልጁ አላጠፋም፣ እጀታውን ቀይ ይቀቡልኝ፣ ለአለቆቹ ይጻፉልኝ ብሎ የለመነኝን ችላ ያልሁት እኔ ነኝ አልሁ። ቄሱ እግዚአብሔር ይፍታህ አሉኝ። ከዚያ የእናቱን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል፣ እሳቸው ወደ ኋላ አሉ።

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ እንዴት ከረሙ እያልህ ትስመኝ ነበር» አሉኝ።

ፊታቸውን ወደ ሴቶቹ መለሱ፣ ነጠላቸውን አገለደሙ፣ ደረታቸውን መቱና የልጃቸውን ስም ጠርተው ሙሾ አወረዱ። ሴቶቹ ከበው ተቀበሏቸው። ለቅሶው ዛሬ የተረዳ ይመስል ነበር። እኔና ባለቤቴ እስኪጨርሱ ድረስ በሩ ላይ ቆመን ሰማን።