ውሃው የተዘጋበት እሁድ

ዙሪክ ዋናው ባቡር ጣቢያ ስደርስ ጓደኛዬ ከትልቁ የባቡር ሰሌዳ ሥር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከማሸጊያው ሲወጣ የነበረው የእጥፋት መስመር ደረቱ ላይ ገና አልጠፋም። ጫማውንም ወልውሏል።

«ፎቶው ላይ የተቸገረ ሰው እንዳልመስል ብዬ ነው» አለኝ።

እናቱ ካረፉ ያን ዕለት ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። እኔ አውቃለሁ፤ እሱ አያውቅም።

የነገሩኝ ጄኔቫ አጠገብ፣ ቨርሷ የሚኖሩት አክስቱ ናቸው። ዓርብ ከሥራ ስወጣ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እህቴ አርፋለች። ትናንት ነው፤ ዛሬ ቀበሯት። በስልክ እንዳይሰማ። ብቻውን እዚያ ክፍሉ ውስጥ እንዳይሰማ። አንተ አፍህ ዝግ ነው፤ ይዘህልኝ ና» አሉ። እሁድ አሥር ሰዓት ላይ የጉባኤያቸው ሰዎች ከጸሎት ወጥተው ቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ የሚናገሩት ሽማግሌም ተመርጠዋል። አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። እዚህ ግን የሁሉም ፈረቃ የሚገጥምበት ሰዓት ተፈልጎ ነው። የእኔ ድርሻ ሦስት ነገር ነበር፤ ሰበብ ፈጥሬ ማምጣት፣ ስልኩን ከእጁ ማራቅ፣ ሳይበላ አለማድረስ። ከሰማ በኋላ እህል እንደማይቀምስ አክስቱ ያውቃሉ።

ሰበብ መፍጠር አላስቸገረኝም። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከአገር ሲወጣ እናቱ ከስዊዘርላንድ የሚያውቁት ከተማ ጄኔቫን ብቻ ነበር፤ በሬዲዮ ዜና ሁልጊዜ ይሰሙታል። ስለዚህ ለደብረ ብርሃን ጎረቤት ሁሉ «ልጄ ጄኔቫ ነው» ይላሉ። እሱም ዙሪክ ሰባት ዓመት ሲኖር አላረማቸውም። ጄኔቫን ግን አንድም ቀን አላያትም። ከሐይቁ ወደ ሰማይ የሚወረወረው ውሃ ፊት ቆሞ ፎቶ ተነስቶ ሊልክላቸው ከፈለገ ቆይቷል። «እሁድ እንሂድ» ስለው ለምን እንኳ አላለኝም።

የሁለት ሰዓት ከሠላሳ ሁለቱን ባቡር ያዝን። ገና እንደተቀመጥን «የእኔ ስልክ ካሜራው ደብዝዟል፤ የአንተን ስጠኝ፣ ፎቶ አንሺው እኔ ነኝ» አልኩት። ሰጠኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ከኔትወርክ አወጣሁት። ስወጣ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ከፍሪቡር ከተማ በኋላ ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ሐይቁ በአንድ ጊዜ ከሥር ይገለጣል። ብድግ ብሎ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። «ይኸው! ይህን እያለን ዙሪክ ምን እንሠራለን?» አለ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። አምስት ሰዓት ሊሆን ነበር፤ አምስት ሰዓት ያህል ይቀረኛል።

ከጄኔቫው ኮርናቫ ጣቢያ ወጥተን ፓኪ በሚባለው ሰፈር በኩል ወደ ሐይቁ ወረድን። እዚያ ቢዝ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ያ ወደ ሰማይ የሚወረወረው ውሃ የለም። ቦታውን ከፖስት ካርድ ስለማውቀው ተሳስቼ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። የጀልባ ትኬት የሚቆርጠው ሰውዬ «ነፋስ ሲበረታ ይዘጉታል። ዛሬ የሚከፈት አይመስለኝም» አለን።

ጓደኛዬ ባዶውን ሐይቅ ትንሽ አየና «ውሃ ጠፍቷል በለኛ» አለ። «ይህንማ ደብረ ብርሃንም አለን።»

ሳቅሁ። ሳቄ ከልክ በላይ ረዘመ።

በአበባ ወደተሠራው የከተማው ዝነኛ ሰዓት ወሰድኩት። ስፋቱ ከአንድ መኝታ ቤት ወለል አይበልጥም፤ ዙሪያውን ሰው ተደርድሮ ፎቶ ይነሳል። «ይቺ ናት?» አለኝ። «የቀበሌያችን ግቢ አበባ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ አይቆጥርም።» አንድም ፎቶ አልተነሳም። እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ «ወንድሜ፣ ተመልሰን እንሂድ። የስምንት ሰዓቱ ባቡር ይደርሰናል። ነፋስ በሌለበት እሁድ እንመጣለን» አለ።

አክስቱ ቤት ሳላደርሰው ከእጄ አምልጦ ሲሄድ ታየኝ፤ ዙሪክ ደርሶ ስልኩን ሲከፍት፣ የሆነ ሰው «እግዜር ያጥናህ» ብሎ ጽፎለት ሲያነብ። «መጀመሪያ እንብላ» አልኩት።

ፓኪ ውስጥ ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ገባን። ጥብስ ታዘዘ። እሱ ነፋስ መትቶት ነው መሰለኝ ቀስ እያለ ይበላል። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይብላ። አጎረስኩት። «ምነው ዛሬ?» አለና ጎረሰ። «አንዱ ያጣላል» ብዬ ደገምኩት። ሦስተኛውን ስዘረጋለት አፉን አልከፈተም። እጄ አየር ላይ ቀረ።

«አንተ ራስህ አልበላህም» አለ።

«በልቻለሁ።»

«ስልኬን አምጣው።»

«ባትሪው አልቋል።»

«ስሰጥህ ሙሉ ነበር።»

ጉርሻውን ትሪው ላይ መለስኩት። «ከዚህ አክስትህ ጋ ብቅ እንላለን፤ ሰላም ሳትላቸው ብትመለስ ይቀየማሉ» አልኩት። ይህን የማነሳበትን ሰዓት አስቀድሜ ወስኜ ነበር፤ ያሰብኩት ግን ከምግብ በኋላ፣ እየተራመድን ነበር።

«አክስቴ እሁድ ትሠራለች» አለ።

ያኔ አወቀ። ማወቁን ያየሁት እጁ ላይ ነው፤ ጣቶቹን በሶፍት አንድ በአንድ ጠረገ፣ ከዚያ ደግሞ ጠረገ። ባለፈው ዓመት ለሌላ ልጅ መርዶ ሲነገር ስልክ የያዘውና ያጎረሰው እሱ ነበር። ይህን ከሰው ሁሉ በፊት ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ተነሳ። ወደ ጣቢያው ስንሄድ ከፊቴ ከፊቴ ይራመዳል። ወደ ዙሪክ የሚሄደው ባቡር ሦስተኛው ሐዲድ ላይ ቆሞ ነበር፤ አጠገቡ ሲደርስ እርምጃዬን አፈጠንኩ። አየት አድርጎት አለፈ። የቨርሷውን ያዝን። መንገዱ ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ሁለታችንም መስኮት መስኮቱን እያየን ደረስን።

ቨርሷ ወርደን ሰው ሁሉ ሄደና ሁለታችን ቀረን።

«ስንት ሰው አለ?» አለኝ።

«እንጃ። አሥራ ምናምን ይሆናል።»

«አሥራ ምናምን ሰው እያየኝ መጀመሪያ እዚያ አልሰማውም። አንተ ንገረኝ።»

«አደራ አለብኝ። የሚናገሩ ሽማግሌ ተመርጠዋል።»

«አውቃለሁ። ንገረኝ።»

ሸሚዙን አየሁ። ከዚያ ፊቱን።

«እማማ ናቸው» አልኩት። «ሐሙስ። ዓርብ ተቀብረዋል።»

አላለቀሰም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አንድ ባቡር መጥቶ ሄደ፤ ሌላም መጣ። አክስቱ ስልኬ ላይ ደጋግመው ደወሉ፤ አላነሳሁም።

«ምን አመማት?»

«አልጠየቅሁም።»

«ማን ነበር አጠገቧ?»

«አላውቅም።»

የእያንዳንዱን ባቡር ሰዓትና የሐዲድ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ይዣለሁ። ይህን ግን አልጠየቅሁም ነበር።

ብዙ ቆይቶ ተነሳና «ነገርኩት እንዳትል፤ አደራ በላ ይሉሃል» አለኝ። ያን ቀን ለእኔ ያስባል ብዬ አልጠበቅሁም።

ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሳሎኑን አቋርጦ ያሳዩት ቦታ ተቀመጠ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ያዘጋጁትን ቃል ጀመሩ፤ ስለ እንግድነታችን፣ ስለማይቀረው፣ ከዚያ ስለ እናት። እሱ አንድ ጊዜም ሳያቋርጥ ዓይናቸውን እያየ አዳመጠ። የመጨረሻውን ቃል ሲናገሩ ጮኸ። ሁለት ሰው ቢይዘው አልበቃም፤ ሌላ ሁለት ተጨመረ። ማስመሰል እንዳልነበር ጆሮዬ ያውቃል፤ ጣቢያው ላይ ያልወጣው ድምፅ ነው የወጣው።

አመሻሹ ላይ አክስቱ ኮሪደሩ ውስጥ አገኙኝ። ዓይናቸው አብጧል። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «ምንም ሳያውቅ አደረስክልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» አሉኝ።

«አሜን እትዬ» ብዬ አንገቴን ደፋሁ።