ለኃጢአት የሚጻፍ ማመልከቻ

ዛሬ አክስቴ ኃጢአቷን ለጠቅላይ ግዛቱ መዝገብ ቤት ሹም ተናዘዘች!

ከአዲስ አበባ የተሾመው ሰውዬ የአስመራ ካቴድራላችንን ሊያይ ገብቶ፣ መጋረጃ ያለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ አረፍ አለ። የነፍስ አባቱ ቤቱ ድረስ የሚመጡለት ኦርቶዶክስ ነውና፣ የካቶሊክ መናዘዣ መሆኑን በምን ይወቅ? (ወንበሩም ከቢሮው ወንበር ሳይሻል አይቀርም።)

አክስቴ በቀዳዳው በኩል ተንበርክካ የዓመት ጉዷን በትግርኛ ዘረገፈችው። እሱ ትግርኛ አይሰማም፤ አፉ የለመደውን መለሰላት። «በአማርኛ ማመልከቻ ጽፈሽ፣ ቴምብር ለጥፈሽ፣ ሰኞ ተመለሺ።»

ቄሱ የሰጧት ቀኖና መስሏት «የቐንየለይ ኣባ» ብላ አመስግና ወጣች።

ከቤታችን አማርኛ መጻፍ የተማርኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ይኸው ብዕር አስጨብጣኛለች። «ኃጢአቱን ግን አልነግርህም፤ ዝም ብለህ ጻፍ!»

«ጉዳዩ፦» ብዬ ቆሜያለሁ። እናንተ ለዘመዶቻችሁ ማመልከቻ የምትጽፉ፣ ከዚህ ቀጥሎ ምን ትላላችሁ?