ከደብረ ዘይት የመጡት እንቁላሎች

አሶሳ ያለችበት ክልል ገና አዲስ ሳለ፣ እዚያ የተመደበው አባቴ የሚታቀፉ አሥር እንቁላሎች ከደብረ ዘይት የዶሮ እርባታ ጣቢያ በፖስታ አስላከልን። እናቴ አላመነችም።

«አውራ ዶሮ ያላየች ዶሮ የጣለችው ቢሆንስ?»

የምታቅፍ ዶሮ ያለችን አንዲት ብቻ ነበረች፤ ሦስት ሳምንት በከንቱ እንዳትቀመጥ ሰጋች። ስለዚህ ሦስት የራሳችንን እንቁላሎች በከሰል ምልክት አድርጋ አብራ አሳቀፈች።

በሃያ አንደኛው ቀን ምልክት ያላቸው ሦስቱ ተፈለፈሉ። በፖስታ የመጡት ዝም አሉ። ዶሮዋ ጫጩቶቿን አስከትላ ልትነሳ ስትል እናቴ «አላልኩም? በሉ ጣሉት» አለች።

እኔ አንዱን አንስቼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ከውስጥ ሲንኳኳ ሰማሁ። ለእናቴ ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ አዳመጠች።

«ይሄ አንዱ ይሆናል፤ ሌሎቹን አላምንም» አለችና ዶሮዋን ከነጫጩቶቿ እንቁላሎቹ ላይ መልሳ ቅርጫት ደፋችባት።